የግንቦት እስጢፋኖስ ካሴት

ናይሮቢ ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ቢሮው ዌስትላንድስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ድርጅቱ ከናይሮቢ አስመጪዎች ዕቃ እየተረከበ በሞያሌ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚልክ የጭነት ድርጅት ነው። እኔ የተቀጠርኩት የዳታቤዝ አስተዳዳሪ ተብዬ ነው። ማዕረጉ ትልቅ ነበር፤ ጠረጴዛዬ ግን ግማሹ የፎቶኮፒ ማሽኑ ነበር። ሰው ሁሉ ወረቀት ሊያባዛ ሲመጣ ክርኑን እኔ ላይ ያሳርፋል።

አለቃዬ ጋሽ መኮንን ይባላሉ፤ የፋይናንስ ኃላፊ ናቸው። ኮምፒውተር ክፍሉ እሳቸው ሥር የተደረገው ኮምፒውተር ብዙ ወጪ ስላለው ነው። ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ የናይሮቢ ፀሐይ ቢያቃጥልም ሙሉ ልብስና ክራቫት ሳያደርጉ ቢሮ አይገቡም። በመጀመሪያው ቀን ወንበር አሳዩኝና ወደ ሰርቨሩ ክፍል ወሰዱኝ።

«ባክአፕ በየቀኑ እንወስዳለን። አንድም ቀን አምልጦን አያውቅም» አሉኝ።

«ጎበዞች ናችሁ። ሪስቶርስ ተደርጎ ያውቃል?»

«ምኑ?»

«ካሴቱ ላይ ያለው ዳታ ወደ ማሽን ተመልሶ፣ መክፈቱ ተሞክሮ ያውቃል ወይ ማለቴ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ምን ጠፋና ይመለሳል?»

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ይህን ሥራ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ሰርቨሩ በየቀኑ የዳታቤዙን ቅጂ ካሴት ላይ ይጽፋል፤ ይህ ባክአፕ ነው። ከካሴቱ ላይ አንብቦ ዳታቤዙን እንደነበረ መልሶ ማቆም ደግሞ ሪስቶር ይባላል። ኦዲተር ሲመጣ ባክአፕ መወሰዱን ብቻ አይጠይቅም። የትኛው ቀን ቅጂ የትኛው ካሴት ላይ እንዳለ፣ ማን እንዳወጣው፣ ማን እንደሞከረው፣ ሲከፈትም ምን እንደታየ ይጠይቃል። እኛ ዘንድ ከዚህ ሁሉ የሚታወቀው ካሴት መኖሩ ብቻ ነበር።

ቁም ሣጥኑን ከፈትኩት። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉት ካሴቶች በየሳምንቱ ይደገማሉ፤ በላያቸው የቀኑ ስም አለ፤ እሺ። የዓርብ ካሴቶች ግን አይደገሙም፤ ይቀመጣሉ። እያንዳንዳቸው ላይ በጋሽ መኮንን ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። የመጀመሪያውን አነሳሁና አነበብኩ። «ጥር መድኃኔዓለም 97» ይላል። ሁለተኛው «መጋቢት ኪዳነ ምሕረት 97» ይላል።

«ጋሽ መኮንን፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀኑ ነዋ! አንቺ ልጅ ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ?»

ክርስቲያን ነኝ። ጥር መድኃኔዓለም ጥር ሃያ ሰባት መሆኑንም አውቃለሁ። ሰርቨሩ ግን አያውቅም። ሰርቨሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው፤ የኬንያ መንግሥት የሚያውቀውም፣ ደንበኞቻችን የሚያውቁትም እሱኑ ነው። ይህንን በትሕትና አስረዳኋቸው። እሳቸውም በትሕትና መለሱልኝ።

«የአዲስ አበባው ቢሮ ሒሳብ የሚዘጋው በእኛ ቀን ነው። ደግሞ ቁጥር አይታወሰኝም። መጋቢት አሥራ ስድስት ብትይኝ ባዶ ነኝ። ኪዳነ ምሕረት ብትይኝ ግን ያን ዕለት ምሳ ምን እንደበላሁ እነግርሻለሁ።»

እውነታቸውን ነው። በኋላ ደጋግሜ ፈትኛቸዋለሁ፤ አልተሳሳቱም። የበለጠ የሚያናድደኝም ይኸው ነበር።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልናገርላቸው። ዓርብ ዓርብ ከሥራ ሲወጡ የዕለቱን ካሴት ከምሳ ዕቃቸው ጎን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ኪሌሌሽዋ ወዳለው ቤታቸው ይወስዱታል። መኝታ ቤት ልብስ መደርደሪያ ላይ አንድ ወር ይከርምና ወደ ቢሮው ቁም ሣጥን ይመለሳል። ቢሮው ቢቃጠል አንድ ቅጂ ሌላ ቦታ መኖር አለበት፤ የሙያችን መጽሐፍም የሚለው ይህንኑ ነው። ማንም ሳያስተምራቸው ነው የሚያደርጉት። የሚሠሩት ሥራ ልክ ነው፤ የሚጽፉት ጽሑፍ ነው ያሳበደኝ።

በመጀመሪያው ወር አንድ የክትትል ሠንጠረዥ ሠራሁ። ባንድ በኩል ባክአፕ፦ መቼ ተጀመረ፣ መቼ አለቀ፣ ስንት ቁጥር ካሴት ላይ ገባ፣ ካሴቱን ማን አስገባ። በሌላ በኩል ሪስቶር፦ የትኛው ካሴት፣ የየትኛው ቀን ቅጂ፣ የትኛው ማሽን ላይ ተከፈተ፣ ሲከፈት የመጨረሻው የዕቃ መግቢያ ቁጥር ስንት ሆኖ ታየ። በየሩብ ዓመቱ አንድ ካሴት አንስቼ ትርፍ ማሽን ላይ ሪስቶር አደርጋለሁ፤ ውጤቱን እመዘግባለሁ።

ጋሽ መኮንን ሠንጠረዡን አዩት። «ባክአፑስ ይመዝገብ። ሪስቶር ለምን ይመዘገባል? ሙከራ አይደል እንዴ? ወጥ የቀመስሽበትን ቀን ትጽፊያለሽ?»

«ኦዲተር ይጠይቃል።»

«ሲጠይቅ ያኔ እንነግረዋለን።»

ቀጥዬ ለካሴቶቹ ሁሉ ተከታታይ ቁጥር አተምኩና ለጠፍኩ። ጥቁር ቁጥር በነጭ ላይ፣ ከሩቅ የሚነበብ። ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው እስከ ዓርብ ነው። ሰኞ ቁም ሣጥኑን ስከፍት ጋሽ መኮንን የራሳቸውን ወረቀት በቁጥሬ አናት ላይ ለጥፈውበታል። ያውም ባንዱ ላይ ብቻ አይደለም። የድሮዎቹንም አንድ ባንድ አሳምረው፣ እንደ አዲስ ጽፈው፣ ቁጥሬን ሸፍነውታል።

«ጋሽዬ፣ ቁጥሩ እኮ አይታይም!»

«ከሥር አለ። ማን ነካብሽ?»

«ለምን ከጎኑ አይለጥፉትም?»

«ከጎኑ ያጣምማል።»

ደሜ ፈላ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆሜ እስኪበርድልኝ ጠበቅኩ። ከዚያ በኋላ ማስታወሻ ጻፍኩ፤ በስብሰባ አነሳሁት፤ ለድርጅቱ ባለቤት ሳይቀር ስልክ ላይ ነገርኳቸው። ባለቤቱ «እናንተው ተስማሙ» አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ነገር ጆሮ ዳባ ልበስ ተባልኩ።

በሁለተኛው ዓመት ኦቲዬኖ የሚባል ቴክኒሻን ተቀጠረልን። የኪሱሙ ልጅ ነው፤ ፈጣን፣ ንጹሕ ሠራተኛ፤ ገመድ ሲዘረጋ ውበት ነበረው። አንድ አመል ብቻ ነበረበት። ምንም ነገር ብትጠይቀው መልሱ «ኢኮ ሳዋ፣ ማዳም» ነው፤ ሁሉም ደህና ነው ማለቱ ነው። ፕሪንተሩ? ኢኮ ሳዋ። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ አልነሣ ብሎ? ኢኮ ሳዋ። አንድ ጊዜ ጣራው እያፈሰሰ፣ ሰርቨሩ ላይ ላስቲክ እያለበሰ እንኳ ኢኮ ሳዋ ብሎኛል።

በመጀመሪያው ሳምንት ቁም ሣጥኑን ሳሳየው «ይሄ የአማርኛ ቀን ነው፤ የእኛ አቆጣጠር ከእናንተ ይለያል» ብዬ በራሴ አፍ ነግሬዋለሁ። አንገቱን ነቀነቀ። «አውቃለሁ ማዳም፤ ገናችሁ በጃንዋሪ ነው» አለኝ። እኔም የገባው መሰለኝ። እሱ የገባው ገና ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ሐሰን ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈው በእሱ የተነሣ ነው።

ሐሰን ኢስሊ ያለው መጋዘናችን ኃላፊ ነበር። የሞያሌ ሰው ነው፤ ሦስት ቋንቋ ባንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። የመጋዘኑን ቁልፍ በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚዞረው። ዕቃ ሲገባ ራሱ ይቆጥራል፤ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ያስገባል፤ እኛ ዌስትላንድስ ሆነን እናየዋለን።

በግንቦት ወር አንድ አስመጪ የመኪና ጎማ አስገባ። ሰኔ ላይ ጎማው ወደ ሞያሌ ሊጫን ሲል ዳታቤዙ ላይ ካለው ይልቅ መጋዘኑ ውስጥ ያለው አነሰ። ዳታቤዙ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ በሐሰን ስም የገባ ነው። አስመጪው ጮኸ። ድርጅቱም ሐሰንን ቁልፉን ተቀብሎ ከሥራ አገደው። ነገሩ ካልተጣራ ለፖሊስ እንደሚሰጥ ተነገረው።

አንድ ጠዋት ፎቶኮፒ ማሽኑ አጠገብ መጥቶ ቆመ። አንገቱ ላይ ክሩ የለም፤ ሰውዬው ያነሰ መሰለኝ።

«እህቴ፣ ያቺ ማሽንሽ የድሮውን ትይዛለች ይላሉ። ኩዌሊ ነው?» አለኝ፤ እውነት ነው ወይ ማለቱ ነው።

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ዕቃው ሐሙስ ገባ። ቆጠርኩ፤ አስገባሁ። ማክሰኞ ኮምፒውተሩን ስከፍተው ቁጥሩ ሌላ ሆኗል። ለፋይናንስ ደወልኩ፤ ‹እናየዋለን› አሉኝ። እስካሁን እያዩት ነው። ማሽንሽ ዓርብ ያየችውን አውጪልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«አወጣልሃለሁ ሐሰን። አትጨነቅ።»

«እንዴት አልጨነቅ? ኢስሊ ላይ አንዴ ሌባ ከተባልኩ እኮ የሱቅ በር ቁልፍ እንኳ የሚሰጠኝ የለም። አራት ልጅ አለኝ። ስሜን ነው የምፈልገው፣ እህቴ።»

በልበ ሙሉነት ቃል ገባሁለት። ለምን አልገባም? ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነገር ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።

አስመጪው የራሱን ኦዲተር ላከ። ሚስስ ዋንጅሩ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው፤ መነጽራቸውን ሲያወልቁ ነው የሚያስፈሩት። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይህ ነበር፦ «ጎማው በገባ ማግሥት፣ ዓርብ የተወሰደውን ቅጂ ፊቴ ሪስቶር አድርጉልኝ።» አንጀቴ ራሰ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ሠንጠረዤን ከፈትኩ፤ የዚያ ዓርብ ቅጂ መቶ ሠላሳ አንድ ቁጥር ካሴት ላይ ነው።

ቁም ሣጥኑን ስንከፍት መቶ ሠላሳ አንድ ቁጥር የሚባል አይታይም። አንድም ቁጥር አይታይም። የሚታየው የጻድቃንና የመላእክት ስም ነው። ጋሽ መኮንን ተጠሩ። አንዴ አዩና እጃቸውን ዘረጉ።

«ግንቦት እስጢፋኖስ። ይኸው።»

ሚስስ ዋንጅሩ ማስታወሻቸውን አወጡ። «እስጢፋኖስ ስቲቨን ማለት ነው አይደል? ስቲቨን የትኛው ክፍል ነው የሚሠራው?»

«ስቲቨን» ብለው ጻፉ።

«ካሴቱን የሚይዘው እሱ ከሆነ ላነጋግረው እፈልጋለሁ።»

«ሰማዕት ነው» አሉ ጋሽ መኮንን፣ በሙሉ ክብር። ሚስስ ዋንጅሩ ጽፈው የነበረውን ቀስ ብለው ሰረዙት። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

ቁጥሩን ለማየት የጋሽ መኮንንን ወረቀት ላጥኩት። የእኔም ቁጥር አብሮ ተላጠ። እንግዲህ እጄ ላይ የቀረው ጥቁር ካሴት ነው። የካሴት ማንበቢያው ውስጥ አስገባሁት። ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመና መልስ ሰጠ፤ ካሴቱ ባዶ ነው።

ማንበቢያው የተበላሸ መሰለኝ። የቀጣዩን ሳምንት፣ ግንቦት ተክለ ሃይማኖትን አስገባሁ። ባዶ ነው። ሰኔ ልደታን አስገባሁ። ባዶ።  ሚስስ ዋንጅሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

በዚህ መሐል ኦቲዬኖ የአራት ሰዓቱን ሻይ በትሪ ይዞ ገባ። ካሴቶቹን አየ፤ ፈገግ አለ።

«እነዚያን እንኳ አትድከሚባቸው፣ ማዳም። ባለፈው ሳምንት ደምስሻቸዋለሁ። ኢኮ ሳዋ።»

«ምን አልክ?»

«አዲስ ካሴት ይገዛ ብዬ ጠይቄ ነበር፤ ጋሽ መኮንን ያለውን ተጠቀም አሉኝ። መመሪያው ደግሞ ግድግዳው ላይ አለ። ሰባት ዓመት ያለፈው ካሴት ይደምሰስና እንደገና ይሠራበት ይላል። ዘጠና ዘጠኝ፣ ዘጠና ስምንት፣ ዘጠና ሰባት። ሁሉም ሰባት ዓመት አልፏቸዋል።»

ክው አልኩ። ጊዜው በፈረንጅ ሁለት ሺህ ሰባት ነበር። በእኛ ግን ዘጠና ዘጠኝ ማለት ያው የያዝነው ዓመት ነው። ልጁ ያሉንን አዳዲስ ካሴቶች ሁሉ በመመሪያው መሠረት፣ በሥርዓት፣ አንድም ሳያስቀር ደምስሷል። ኪሌሌሽዋ ያሉት ብቻ ተርፈዋል፤ እነሱ ደግሞ ቁጥሩ ከተለወጠ በኋላ የተወሰዱ ናቸው።

«ይህ ድርጅት ከተቋቋመ አምስት ዓመቱ ነው» አሉት ሚስስ ዋንጅሩ፣ ኦቲዬኖን እያዩ። «የዘጠና ዘጠኝ ካሴት ከየት ይመጣል?»

«ከአዲስ አበባ ይዘውት የመጡ መስሎኝ።»

ጋሽ መኮንን ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ለምን አልነገርሽውም?»

እዚህ ላይ ያልኩትን አልጽፈውም። ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ነገር ነበር፤ ባንድ ትንፋሽ ወጣ። ፎቅ ላይ ያለው ባንክ ሳይቀር የሰማኝ ይመስለኛል። ጋሽ መኮንን ክራቫታቸውን አስተካከሉ፤ ኦቲዬኖ ትሪውን እንደያዘ ቀረ። ከሁሉም ይልቅ የከነከነኝ ሐሰን ታች እንግዳ መቀበያው ጋ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ መሆኑ ነው። ካሴቱ ሲከፈት ልንጠራው ነበር።

ሚስስ ዋንጅሩ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ጻፉ። ጽሑፉን ከአጠገባቸው ሆኜ አነበብኩት፤ የተባለው ቅጂ ሊቀርብ አልቻለም ይላል። ለሐሰን ይህ ማለት ሌባ ነህ ማለት ነው።

ከዚያ እስክሪብቷቸውን ሳያነሡ ጠየቁኝ። «ይህ መቶ ሠላሳ አንድ ቁጥር የምትዪው ካሴት ከመደምሰሱ በፊት ከቁም ሣጥን ወጥቶ ያውቃል? ማን ነክቶታል?»

ለመመለስ ብዬ የሠንጠረዡን ሌላውን ወገን ከፈትኩ፤ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረውን፣ የሪስቶሩን። ካሴት መቶ ሠላሳ አንድ። የሰኔ ሩብ ዓመት ሙከራ። ሪስቶር ያደረግኩት እኔው ነኝ። የተከፈተው ትርፍ ማሽኑ ላይ ነው። ከኪሌሌሽዋ ገና መመለሱ ስለነበር እጄ ላይ የገባውን ነው ያነሣሁት።

ካሴቱ ተደምስሷል። ከካሴቱ የወጣው ቅጂስ?

እንዲህ ያለ የሙከራ ቅጂ ሥራው ሲያልቅ መደምሰስ አለበት። ከማሽን ላይ ለመደምሰስ ደግሞ የፋይናንስ ኃላፊው ፊርማ ያስፈልጋል፤ ደንቡን ያወጡት ጋሽ መኮንን ናቸው። ጥያቄዬን በሰኔ መጨረሻ ጽፌ አስገብቻለሁ። ሦስት ጊዜም አስታውሻቸዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «አየዋለሁ» ብለውኛል።

«ጋሽ መኮንን፣ ያቺን ወረቀት ፈርመዋታል?»

«የቷን?»

ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን የወረቀት ክምር ገለበጥኩት። ከሥር ነበረች። አልተፈረመችም። በሕይወቴ ባልተፈረመ ወረቀት እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ትርፍ ማሽኑ ሻይ ማፍያው ክፍል ጥግ ላይ ነበር፤ ኦቲዬኖ የሻይ ፔርሙሱን ያስቀመጠው በላዩ ላይ ነው። «ነክተኸዋል?» አልኩት። «ፊርማ የሌለው ነገር አልነካም፣ ማዳም» አለ፤ ያን ቀን ኢኮ ሳዋ ማለቱን ትቶታል። ፔርሙሱን አነሣን፤ ማሽኑን አበራን። እስኪነሣ ድረስ ሚስስ ዋንጅሩ ሻያቸውን ጠጡ። ዳታቤዙ አለ። የጎማውን መግቢያ ፈለግኩ። ቁጥሩ ሐሰን ቆጥሬ አስገባሁ ያለው ነው፤ መጋዘኑ ውስጥ ከተገኘውም ጋር አንድ ነው። እስከዚያ ዓርብ ድረስ ማንም አልነካውም። በኋላ ከፍ ያለ ቁጥር ከያዘው ከአስመጪው ፋክቱር፣ ከመግዣ ደረሰኙ ጋር እንዲገጥም ተብሎ እኛው ቢሮ ውስጥ «ተስተካክሏል»። የሐሰንን የይለፍ ቃል ግማሹ ቢሮ ስለሚያውቀው ማን እንዳስተካከለው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ሚስስ ዋንጅሩ በቀላሉ አልረኩም፤ እኔም ብሆን አልረካም ነበር። «ይህ የዚያ ዓርብ ቅጂ መሆኑን በምን ላምን?» አሉ። ሰርቨሩ ባክአፑ የተወሰደበትን ሰዓት ቅጂው ውስጥ ይጽፋል፤ ማሽኑም ሪስቶሩ መቼ እንደተደረገ ይይዛል፤ ሁለቱም ከሠንጠረዤ ጋር ገጠሙ። ካሴቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ስለዚህ የቁም ሣጥኑ ካሴቶች ሁሉ ስም ወደ ፈረንጅ ቀን ተመልሶ፣ በጻፈው ሰው ተፈርሞ ይቅረብልኝ አሉ።

ጋሽ መኮንን ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ እርሳስ ይዘው ተቀመጡ። የቀን መቁጠሪያ ልስጥዎት አልኳቸው፤ አልፈለጉም። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ከመድኃኔዓለም እስከ ልደታ ሁሉንም ቀየሩት። ከሠንጠረዤ ጋር አንድ ባንድ አመሳከርኩት። አንዱም አልተሳሳተም።

ያን ጊዜ ከቀድሞው ሁሉ የበለጠ ተናደድኩ። ይህን ያህል የሚቀላቸው ከሆነ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመድኃኔዓለም ሥር አንድ መስመር መጨመር ምን ነበረበት?

ሐሰን ነጻ መሆኑ በደብዳቤ ተነገረው። በቀጣዩ ዓርብ ጋሽ መኮንን የዕለቱን ካሴት ይዘው ወደ ቦርሳቸው ከመክተታቸው በፊት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ። «ሐምሌ መድኃኔዓለም 99» ይላል። ከሥሩ አነስ ባለ ጽሑፍ የፈረንጁን ቀን፣ ወርና ዓመት ጽፈዋል። ወረቀቱ የተለጠፈው ከቁጥሬ ጎን ነው፤ ትንሽ ተጣምሟል።  

ሐሰን ግን ወደ ሥራ አልተመለሰም። ሰኞ ይመጣል ብለን ጠበቅን፤ ቀረ። ስልክ ደወልኩለት። በታገደበት ጊዜ የሚስቱ ወንድም ሱቅ ውስጥ ሥራ ጀምሯል፤ ደመወዙ ግማሽ ነው።

«ሐሰን፣ ተገኘልህ እኮ! ቁጥሩ አንተ ያልከው ነው። ቁልፍህ እየጠበቀህ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ። እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ ለፍተሻል። ግን ካሴቱ ባይገኝም እኮ አልሰረቅኩም ነበር።»

 

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። ካሴት ላይ፣ ዛሬ ደግሞ ፋይል ላይ፣ የምትጽፉት ቀን እናንተን የማያውቅ ሰው የሚያነበው ይሁን። ሪስቶርንም እንደ ባክአፕ መዝግቡ። ይህን ቢሯችን ለማስገባት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ሐሰን ነው።